ሬዞናንት ዲፖላራይዜሽን፦ ምርጡ የጨረር ኢነርጂ መለኪያ፣ ከነጉድለቱ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። በቅንጣት ማጋጫ ውስጥ የሚሮጥን የኤሌክትሮን ጨረር ኢነርጂ ለመለካት ከተሠሩት ዘዴዎች ሁሉ ሬዞናንት ዲፖላራይዜሽንን፣ ማለትም የተደረደረን የኤሌክትሮን ስፒን በገጠመ ድግግሞሽ በትኖ ኢነርጂ የሚያነብበውን ዘዴ፣ የሚስተካከል የለም። በትክክለኛነት ብቻ ከሄድን አምስት ከአምስት ነው። እኔ ግን አራት ነው የሰጠሁት። አንድ መለኪያ በለካባት ደቂቃ ልክ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በማይለካባቸው ሰዓታትም የምንይዘው ነገር ሊተውልን ይገባል። እዚያ ላይ ይህ ዘዴ ብቻውን አይችለውም። እንዲያውም የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ያለው እዚያ ነው።

ግምገማዬ የቆመው የማሽኖቹ ቡድኖች ባሳተሟቸው ውጤቶች ላይ ነው። አብዛኛው ስለ ሌፕ ነው። ሌፕ የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሆነው በሰርን፣ ጄኔቫ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር የነበረው 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ ያለው ማጋጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2000 ሠርቷል። ቁጥሮቹ እንዳይረዝሙብኝ የቅንጣት ኢነርጂም ክብደትም የሚለካበትን ኤሌክትሮን ቮልት የሚለውን አሃድ ትቼ ኪሎ፣ ሜጋ፣ ጊጋ ብቻ እያልኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ግን ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ዜድ ቦዞን የሚባለውን ከባድ ቅንጣት እንውሰድ። የኤሌክትሮኑና የፖዚትሮኑ (የኤሌክትሮን ፀረ-ቁስ አቻ) ኢነርጂ ተደምሮ 91 ጊጋ አካባቢ ሲደርስ ዜድ በብዛት ይፈጠራል፤ ከዚያ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ቁጥሩ ይወርዳል። ግራፍ ላይ ስታስቀምጡት ጫፍ ይወጣል፣ የዜድን ክብደት የሚነግረን የዚያ ጫፍ ቦታ ነው። በመቁጠሩ በኩል ችግር አልነበረም። የሌፕ አራት ሙከራዎች፣ አሌፍ፣ ዴልፊ፣ ኤል-3 እና ኦፓል፣ በድምሩ 17 ሚሊዮን ያህል ዜድ መዝግበዋል። ጣጣው ያለው ከግራፉ ሥር ባለው የኢነርጂ መስመር ላይ ነው። የግጭቱ ኢነርጂ በ5 ሜጋ ተሳስቶ ከተጻፈ የዜድ ክብደትም በ5 ሜጋ ይሳሳታል። ሌላ 17 ሚሊዮን ብትጨምሩበትም አያድናችሁም።

የድሮው መንገድ ማግኔቱን መለካት ነበር። ጨረሩን በክብ መንገድ የሚያጎብጡት ማግኔቶች ስለሆኑ፣ የእነሱን መስክ ካወቃችሁ ኢነርጂውን ታሰላላችሁ። ሌፕም የጀመረው በዚሁ ነው። ከዋሻው ውጭ፣ መሬት ላይ ባለ ሕንፃ ውስጥ፣ ከቀለበቱ ማግኔቶች ጋር በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር የተያያዘ ማጣቀሻ ማግኔት ነበር፤ የእሱን መስክ እያነበቡ ታች ያሉትን ማግኔቶች መስክ ይገምቱ ነበር። በዜድ ክብደት ላይ የሚያመጣው ስሕተት በአሥሮች ሜጋ የሚቆጠር ነበር። ለመነሻ ጥሩ ነው፣ አልንቀውም። ግን ይህን ማግኔት አስታውሱልኝ፤ ላይ መቀመጡ በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

አሁን ወደ ዋናው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል፣ እንደ ኢምንት ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ አለው፣ ስፒኑም አቅጣጫ አለው። ኤሌክትሮኖች በቀለበት ውስጥ ሲዞሩ ብርሃን ይለቃሉ፣ በዚያም ሳቢያ ስፒኖቻቸው ቀስ በቀስ ከማግኔቱ መስክ ጋር አንድ መስመር ይይዛሉ። ሶኮሎቭና ቴርኖቭ የተባሉ የሶቪየት ፊዚሲስቶች ይህን በ1960ዎቹ በስሌት አሳይተዋል። እንከን በሌለው ቀለበት ውስጥ ድርደራው፣ ፖላራይዜሽን የሚሉት፣ እስከ 92.4 ከመቶ ይሄዳል። ማንም ሳይገፋው፣ በራሱ ጊዜ! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል፤ ማሽኑ ለሌላ ሥራ ተሠርቶ መለኪያውን በነፃ ይዞ ይመጣል።

ስፒኑን ትንሽ ብታጋድሉት በመስኩ ዙሪያ እንደ እንዝርት እየተንገዋለለ ይዞራል። ጥያቄው ጨረሩ ቀለበቱን አንድ ጊዜ ሲዞር ስፒኑ ስንት ጊዜ ይዞራል የሚል ነው። መልሱ ደግሞ የጨረሩ ኢነርጂ ለ440.65 ሜጋ ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዜድ እያንዳንዱ ጨረር 45.6 ጊጋ ይይዛል፣ ሲካፈል 103.5 ያህል ይመጣል። ያቺ 440.65 የምትገኘው ከኤሌክትሮን ክብደትና ከማግኔታዊ ባሕርዩ ነው፤ ሁለቱም የሰው ልጅ እጅግ አጥርቶ ከለካቸው ነገሮች መካከል ናቸው። ስለዚህ የማግኔቱን ብረት፣ የዋሻውን ሙቀት፣ የሽቦውን ጉዳይ ሁሉ ትታችሁ ዙር ወደ መቁጠር ትመጣላችሁ። ከዙርና ከድግግሞሽ በላይ አጥርተን የምንለካው ነገር ደግሞ የለንም።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። በሌፕ ውስጥ ጨረሩ በሰከንድ 11,245 ጊዜ ያህል ይዞራል። መንገዱ ላይ መስኩ የሚወዛወዝ ትንሽ ማግኔት ይቀመጣል፣ የመወዛወዙ ድግግሞሽም ቀስ እየተባለ ይቀየራል። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ትንሽ ቆይቶም ምንም አይሆንም። ከዚያ ድግግሞሹ ከስፒኑ ዙር ጋር ሲገጥም፣ ጨረሩ ባለፈ ቁጥር የምትሰጠው ኢምንት ግፊት በየዙሩ እየተደማመረች ለሰዓታት የተደረደረውን ስፒን ትበትነዋለች። ፖላራይዜሽኑ ጠፋ ማለት ነው። የጠፋበትን ድግግሞሽ ጻፉት፣ ኢነርጂውን አገኛችሁ።

መጥፋቱ በምን ይታወቃል? እዚህ ጋ ሌዘር ይገባል። አረንጓዴ የሌዘር ብርሃን ከፊት ለፊት መጥቶ ከጨረሩ ጋር ይጋጫል፣ ተመልሶ የሚፈናጠረው ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ደግሞ ራቅ ብሎ በተቀመጠ መቁጠሪያ ላይ ያርፋል። የሌዘሩ ብርሃን የሚሽከረከርበት አቅጣጫ (ክብ ፖላራይዜሽኑ) ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይገላበጣል። ስፒኖቹ ተደርድረው ከሆነ የፎቶኖቹ ማረፊያ አማካይ ቦታ በዚያው ልክ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። ትንሽ ስል አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስፒኑ ሲበተን ያ ከፍ ዝቅ ይቆማል፣ ግራፉ ላይ ያለው ነጥብ ቁልቁል ወርዶ ዜሮ ላይ ይተኛል። እንዲህ ያለ ግራፍ ካጋጠማችሁ ቆም ብላችሁ እዩት፤ ከኤሌክትሮን ስፒን ወደ ሰው ዓይን በቀጥታ የመጣ ወሬ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዘዴው የሚሰጣችሁ ከነጥብ በኋላ ያለውን ክፍል ብቻ ነው፤ 103 ይሁን 104 አይናገርም። ይህ ግን አያሳስብም። በአንዱ ሙሉ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል 440 ሜጋ ልዩነት ስላለ የማግኔቱ ንባብ በደንብ ይለየዋል። ትንሽ የሚያደናግረው 0.48 እና 0.52 አንድ ዓይነት ድግግሞሽ መስጠታቸው ነው። መፍትሔው ኢነርጂውን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ቁጥሩ ወደየት እንደሄደ ማየት ነው። ዘዴውን የሠሩት ሰዎች እንዲህ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ደፍነዋል፣ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ውጤቱስ? በሌፕ አንድ ልኬት የጨረሩን ኢነርጂ እስከ 0.2 ሜጋ ድረስ አጥርቶ ይሰጥ ነበር፣ ከ45,600 ሜጋ ውስጥ ማለት ነው። ዘዴው በሌፕ ለኢነርጂ ልኬት የዋለው በ1991 ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን የታየው ከጫፉ በላይም በታችም እየተሄደ ዜድ በተቆጠረባቸው በ1993 እና በ1995 ነው። የመጨረሻው የሌፕ ውጤት የዜድን ክብደት 91,187.5 ሜጋ አደረገው፣ ስሕተቱ 2.1 ሜጋ ብቻ። ከዚያ ስሕተት ውስጥ ከጨረር ኢነርጂ የመጣው 1.7 ሜጋ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው መጠየቅ አለበት። አንዱ ልኬት 0.2 ሜጋ ከሆነ 1.7 ከየት መጣ?

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዘዴው ዘገምተኛ ነው። በሌፕ ስፒኑ ተደርድሮ እስኪያልቅ በዜድ ኢነርጂ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለልኬቱ ከጥቂት ከመቶ በላይ ፖላራይዜሽን ስለማያስፈልግ ሙሉውን መጠበቅ ግድ አይደለም፣ ቢሆንም ጊዜ ይበላል። በዚያ ላይ ጨረሮቹ እየተጋጩ ባለበት ሰዓት አይለካም፤ ግጭቱና የሙከራዎቹ ትልልቅ ማግኔቶች ፖላራይዜሽኑን ያበላሹታል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚለካው ግጭቱ ካለቀ በኋላ፣ ጨረሩ ሊጣል ሲል ነበር። ዜዶቹ የተፈጠሩት ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ኢነርጂው ስንት ነበር? መለኪያው ዝም ይላል። በቀኑ ልኬትና በማግስቱ ልኬት መካከል ደግሞ ኢነርጂው ቁጭ ብሎ አልጠበቀም።

ጨረቃ የመጀመሪያዋ ናት። ጨረቃና ፀሐይ ባሕርን ብቻ አይደለም የሚስቡት፣ መሬቱንም ይስባሉ። ጨረቃ ስትሞላ በጄኔቫ አካባቢ መሬቱ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሣል። ሁሉም አብሮ ስለሚነሣ ማንም አይታወቀውም። የሌፕ ቀለበት ግን ታውቆታል፣ ዙሪያው በአንድ ሚሊሜትር ያህል ተለጥጧል። ከ27 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ሚሊሜትር! ይሄ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። የጨረሩን የመንገድ ርዝመት የሚወስነው ጨረሩን የሚገፋው የሬዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ ስለሆነ ጨረሩ ከቀለበቱ ጋር አብሮ አይለጠጥም። ማግኔቶቹ ወደ ውጭ ይሄዳሉ፣ ጨረሩ በቦታው ይቀራል፤ ያኔ ጨረሩ እንዳይበተን በሚያጠብቡት ማግኔቶች መሐል ለመሐል ማለፉን ትቶ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያልፋል፣ ኢነርጂውም ይወርዳል። በሌፕ አሠራር ትንሿ የርዝመት ለውጥ በኢነርጂው ላይ ከ5,000 ጊዜ በላይ ጎልታ ትታያለች። ስለዚህ ያቺ አንድ ሚሊሜትር የእያንዳንዱን ጨረር ኢነርጂ በ9 ሜጋ ያህል ታነቃንቀዋለች። ከ0.2 ጋር አስተያዩት።

ይህ በግምት የቀረ ነገር አይደለም። በኅዳር 1992 እ.ኤ.አ.፣ ጨረቃ በሞላችበት ሰሞን፣ ሆን ተብሎ ኢነርጂው ደጋግሞ ተለካ። ቁጥሮቹ ከጨረቃና ከፀሐይ ስበት ስሌት ጋር አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። እኔ ለዘዴው ትልቁን ነጥብ የሰጠሁት በዚህ ነው። ሌላ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ጨረቃዋ በስሕተቱ ውስጥ ተደብቃ ትቀር ነበር።

ቀጥሎ ሐይቁ አለ። የጄኔቫ ሐይቅ ውሃ በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ዝናብም መሬቱን ያርሰዋል፤ ቀለበቱም በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ይህኛው አዝጋሚ ስለሆነ የጨረሩን ቦታ በሚያሳዩት መቆጣጠሪያዎች መከታተል ተችሏል። ብዙ አላስቸገረም።

ያስቸገረው ባቡር ነው። ይሄኛው ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መለኪያ ለሚገመግም ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም። በ1995 ዋሻው ውስጥ ባሉ ሁለት ማግኔቶች ላይ ኤንኤምአር የሚባሉ መስክ አንባቢዎች ተተከሉ። ከዚያ በፊት የሚነበበው ላይ ያለው ማጣቀሻ ማግኔት ነበር። አዲሶቹ አንባቢዎች ሥራ እንደጀመሩ ሁለት ያልተጠበቁ ነገሮች አሳዩ። አንደኛ፣ መስኩ አያርፍም፣ ቀኑን ሙሉ ይርገበገባል፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ግን ጸጥ ይላል። ሁለተኛ፣ ጨረሩ በሚዞርባቸው ሰዓታት መስኩ ቀስ እያለ ይጨምራል።

ሌሊት የሚተኛ ነገር ምንድን ነው? የሰው ሥራ ነው። ፍለጋው የጨረሩን ቧንቧ ይዞ ሄደ፤ ቧንቧው ላይ አንድ አምፔር ያህል የሚደርስ ባለቤት የሌለው የኤሌክትሪክ ፍሰት ተገኘ። ምንጩ ከጄኔቫ ወደ ፈረንሳይ የሚሄደው የባቡር መስመር ሆነ። ያ መስመር በ1,500 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር። ባቡሩ የተጠቀመበት ኤሌክትሪክ በሐዲዱ በኩል መመለስ ሲገባው ከፊሉ ወደ መሬት ያፈተልካል፣ መሬት ውስጥ ደግሞ 27 ኪሎ ሜትር የብረት ቧንቧ ተዘርግቶለታል። ከዚያ የተሻለ መንገድ ከየት ያገኛል? ሰዎቹ የሐዲዱን ቮልቴጅ፣ የቧንቧውን ቮልቴጅና የማግኔቱን መስክ በአንድ ጊዜ መዝግበው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ወደ ፓሪስ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ከጄኔቫ ሲነሣ ሦስቱም መስመሮች አብረው ይዘላሉ። ባቡሩ መንገድ ላይ ሲቆምና ሲነሣ እንኳ ማግኔቱ ላይ ይነበባል።

ጉዳቱ ከመርገብገቡ ይልቅ በጭማሪው ነው። እያንዳንዷ ትንሽ ንዝረት የማግኔቱን መስክ ጥቂት ከፍ ታደርገዋለች፣ መስኩም ወደነበረበት አይመለስም። ስለዚህ ግጭቱ ካለቀ በኋላ የተለካው ኢነርጂ ግጭቱ በነበረባቸው ሰዓታት ከነበረው በጥቂት ሜጋ ከፍ ያለ ነበር። ልኬቱ ራሱ ትክክል ነው፣ የተለካበት ሰዓት ግን ሌላ ነው። ያስታወሳችሁልኝ ማጣቀሻ ማግኔት ደግሞ የጨረር ቧንቧው በማያልፍበት ሕንፃ ውስጥ ስለተቀመጠ የባቡሩን ፍሰት ጨርሶ አላየውም። እሱን ብቻ ይዘው ቢቀጥሉ ኖሮ የዜድ ክብደት ማንም ሳያውቅ ተዛብቶ ይታተም ነበር።

ሌላም አለ። ስፒኑ የሚነግረን የቀለበቱን ሁሉ አማካይ ኢነርጂ ነው። ጨረሩ ግን በ45.6 ጊጋ በየዙሩ 125 ሜጋ ያህል በብርሃን መልክ ያጣል፣ ያጣውንም በሬዲዮ ሞገድ ክፍሎች ውስጥ ሲያልፍ መልሶ ያገኛል። እነዚህ ክፍሎች በሌፕ የመጀመሪያ ዘመን የተቀመጡት በኤል-3 እና በኦፓል ግራና ቀኝ ነበር። አንዱ ክፍል ከጠፋ ወይም ትንሽ ቦታውን ከሳተ በእነዚያ ሁለት ሙከራዎች ላይ ያለው የግጭት ኢነርጂ ከሌሎቹ ይለያል። ስለዚህ የትኛው ክፍል መቼ እንደበራና እንደጠፋ ሁሉ ተመዝግቦ ለየሙከራው የተለየ እርማት ይሰላ ነበር። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ያለሱ ቁጥሩ አይታመንም።

እንግዲህ ያ 1.7 ሜጋ የመጣው ከዚህ ሁሉ ነው። መለኪያው አይታማም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ይከብዳል። ኢነርጂው ከፍ ሲል ዘዴው ጥሎን ይሄዳል። ኢነርጂ በጨመረ ቁጥር በጨረሩ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች የኢነርጂ መበታተን ይሰፋል፣ ስፒናቸውም አንድ ላይ መቆም ያቅተዋል። በሌፕ ከ60 ጊጋ በላይ ሲኬድ ለልኬት የሚበቃ ፖላራይዜሽን አልተገኘም። ማሽኑ ግን በሁለተኛው ዘመኑ የደብልዩ ቦዞንን፣ የሌላ ከባድ ቅንጣትን፣ ክብደት ለመለካት እስከ 104.5 ጊጋ ሄዷል። መለኪያው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት የለም ማለት ነው።

የተወሰደው መላ ዝቅ ባለው ኢነርጂ ላይ ኤንኤምአሮቹን በስፒን ልኬት ማስተካከል፣ ከዚያ በእነሱ ተመርቶ ወደ ላይ መገመት ነበር። ግምቱ ቀጥ ባለ መስመር መሄዱን ማን ያረጋግጣል? ለዚህ በ1999 አንድ ማግኔት ግራና ቀኙ የጨረሩን ቦታ በማይክሮን በሚያነብቡ መቆጣጠሪያዎች ታጥሮ ስፔክትሮሜትር ሆነ፤ ጨረሩ ማግኔቱ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደታጠፈ ይለካል። ሌላው ማረጋገጫ በ100 ጊጋ ላይ ጨረሩ በየዙሩ የሚያጣውን 3 ጊጋ የሚጠጋ ኢነርጂ ተጠቅሞ ከጨረሩ የኢነርጂ መወዛወዝ ማስላት ነው። ሁሉም ተደምረው ስሕተቱን ከ10,000 አንድ ገደማ ላይ አደረሱት። ለደብልዩ በቂ ነበር። ከስፒኑ ጋር ሲወዳደር ግን በጣም ይርቃል፣ ለስፔክትሮሜትሩም ለብቻው ሦስት ከአምስት እሰጠዋለሁ።

አነስ ባሉ ማጋጫዎች ደግሞ ነገሩ ይቀልላል። ዘዴው ያደገው በሩስያ ኖቮሲቢርስክ፣ በቡድከር ተቋም ነው፣ ሌፕ ከመታሰቡ በፊት። እዚያ ቬፕ-4ኤም በሚባለው ማጋጫ ላይ ፖላራይዜሽኑን ለማየት የተጠቀሙበት ብልሃት ልቤን ወስዶታል። ኤሌክትሮኖች የሚጓዙት በጥቅል በጥቅል ነው፤ በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉት እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ከጨረሩ ይወጣሉ፤ ስፒናቸው ተደርድሮ ከሆነ ግጭቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚወጡትን መቁጠር ነው። ስፒኑ ሲበተን ቆጠራው ድንገት ከፍ ይላል፣ ያቺ ዝላይ መልሱ ናት። ኬድር የሚባለው ሙከራ በዚህ መንገድ ያገኘውን ጄ/ፕሳይ የተባለ ቅንጣት ክብደት በ2015 ሲያሳትም 3,096.900 ሜጋ ነበር፣ ስሕተቱ 0.006 ሜጋ አካባቢ። ማሽኑ ከሌፕ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ውጤቱን ግን ተመልከቱ።

ፖላራይዜሽን ለመጠበቅ ጊዜ ለሌለው ሌላ አማራጭ አለ። ሌዘሩን ከጨረሩ ጋር አጋጭቶ ተመልሶ የሚመጣውን የጋማ ፎቶን ትልቁን ኢነርጂ መለካት ነው። ቤይጂንግ ያለው ቤፕሲ-2 የሚጠቀመው ይህን ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ፎቶን 0.117 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ይዞ ይሄድና 1.85 ጊጋ ካለው ኤሌክትሮን ጋር ተላትሞ 6 ሜጋ የሚያህል ሆኖ ይመለሳል። የጀርማኒየም መቁጠሪያው ያንን ያነብባል፤ መቁጠሪያው ራሱ የሚስተካከለው ኢነርጂያቸው በደንብ በሚታወቅ ራዲዮአክቲቭ ምንጮች ነው። ትክክለኛነቱ ከ50,000 አንድ ገደማ ነው፣ ከስፒኑ ያንሳል። ግን ግጭቱ ሳይቆም ይሠራል። እኔን ብትጠይቁኝ ታው ሌፕቶን የተባለውን የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ ክብደት ለመለካት ለሚሄድ ማጋጫ ይሄ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዜዶቹ ላይ ያየነውን የሰዓት ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል። አራት ከአምስት፣ ያለ ማቅማማት።

ፕሮቶን ለሚያጋጭ ሰው ይህ ሁሉ አይሠራም። በትልቁ የሰርን ማጋጫ፣ በኤልኤችሲ፣ ፕሮቶኖች ከክብደታቸው የተነሣ ብርሃን የሚለቁት በጣም ጥቂት ስለሆነ ስፒናቸው በራሱ አይደረደርም። እዚያ የተሠራው አንዱ ጥሩ ነገር በአንድ ዓይነት ማግኔት መስክ ውስጥ ፕሮቶንንና እርሳስ የተባለውን ብረት አዮን (ኤሌክትሮኖቹን ያጣ አቶም) አዙሮ የዙር ድግግሞሻቸውን ልዩነት ማየት ነው፤ አዮኑ በጥቂቱ ዘገም ስለሚል ከልዩነቱ ኢነርጂው ይወጣል። ኢነርጂው ሲጨምር ግን ሁለቱም ወደ ብርሃን ፍጥነት ስለሚጠጉ ልዩነቱ ይጠፋል። በኋላ የማግኔቶቹን ልኬት አጥርቶ በመመርመር ከ1,000 አንድ ላይ ተደርሷል። ቀጥ ባለ መስመር ለሚሠሩ ማጋጫዎችም ጨረሩ አንዴ ብቻ ስለሚያልፍ ስፔክትሮሜትር ነው ያለው።

አሁን ዓይኔ ያለው በኤፍሲሲ ላይ ነው። ሰርን ያቀደው 91 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ ያለው ማጋጫ ነው፤ የአዋጭነት ጥናቱ በ2025 ወጥቷል። የዜድን ክብደት በ0.1 ሜጋ ለመያዝ ያስባል፣ ከሌፕ በ20 እጥፍ የጠራ ማለት ነው። እዚህ የሌፕን ቅሬታ የሰሙ ሰዎች እንደሠሩት ያስታውቃል። የማይጋጩ፣ ለልኬት ብቻ የሚዞሩ የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ጥቅሎች ከሚጋጩት ጋር በአንድ ቀለበት ውስጥ አብረው ይሄዳሉ። ልኬቱ በየ10 እና 15 ደቂቃው ይደረጋል። ጨረቃም ባቡርም በ15 ደቂቃ ውስጥ ብዙ አይሄዱም። ቀለበቱ ትልቅ ስለሆነም የኢነርጂ መበታተኑ ይቀንሳል፣ በመሆኑም ለደብልዩ በሚያስፈልገው 80 ጊጋ ላይም ፖላራይዜሽን ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሌፕ ያጣው ይህንን ነው። ጉዳቱ የቀለበቱ ትልቅነት ድርደራውን ማዘግየቱ ነው። በዜድ ኢነርጂ በተፈጥሮው ከተተወ ከ200 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ዊግለር የሚባሉ ጨረሩን ግራ ቀኝ የሚያወዛውዙ ማግኔቶች መጀመሪያ ላይ ይበራሉ፣ ለጥቅሎቹ የሚበቃ ፖላራይዜሽን ሲገኝ ይጠፋሉ፣ ግጭቱም ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የማይጋጩት ጥቅሎች የሚሰጡት የራሳቸውን አማካይ ኢነርጂ ነው፣ የሚጋጩት ግን በግጭቱ ቦታ እርስ በርሳቸው ይጎታተታሉ፣ በየዙሩም የሚያጡት ኢነርጂ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው እርማት እስከ ጥቂት ኪሎ ድረስ መታወቅ አለበት። ዘዴውን አምስት ከአምስት ብዬ ነጥቤን የማስተካክለው ያ እርማት በእውነተኛ ጨረር ላይ ተፈትኖ ሳየው ነው።